በሽቦ የታሰረው ደረቴ

ምሥራቅ ጀርመን ተልኬ ልቤን በቀዶ ሕክምና ከታከምኩ በኋላ፣ ስነቃ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ልቤ አልነበረም። የደረቴን አጥንት መሃል ለመሃል ሰንጥቀው እንደሚከፍቱት ነግረውኝ ነበር፤ በምን እንደሚዘጉት ግን ማንም አልነገረኝም። ሐኪሙ በአስተርጓሚ አስረዳኝ። ስድስት ቦታ ሽቦ አዙረው ጠምዝዘውታል፤ ሹል ጫፉ እንዳይወጋኝም ወደ ውስጥ አጥፈውታል። ሽቦው እዚያው ይቀራል። አጥንቱ እስኪገጥም ግን ሦስት ወር ዕቃ አላነሳም፤ ስስል ትራስ ደረቴ ላይ አጥብቄ እይዛለሁ፤ አንድ እጄን ብቻ ወደ ላይ አልሰቅልም፣ አጥንቱን ይጎትተዋልና። ከተላቀቀ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ያኔ እንደገና መከፈት ነው።

የካ፣ እናቴ ቤት ስደርስ ጠያቂው በሩ ላይ ተኮልኩሎ ጠበቀኝ። እናቴ ክንዷን ዘርግታ ከለከለች።

«ትከሻ መግጨት የለም! በሩቁ እጅ ንሱ!»

ሰው ሲሄድላት ወደ እኔ ዞረች።

«እውነት በሽቦ ነው ያሰሩህ? እንደ አጥር?»

«እንደ አጥር።»

«አይዝግም?»

ሐኪሙን ይህን አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ክረምት ነበርና ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ሳል አመጣብኝ። በሳልኩ ቁጥር አዳምጣለሁ። መፍራቴን አልደብቅም፤ ግን ማወቅም እፈልግ ነበር። አጥንት ሲገጥም ድምፅ ይኖረው ይሆን?

ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ሲል የቀበሌ ስብሰባ ተጠራሁ። ያኔ ታምሜያለሁ ብሎ መቅረት ሌላ በሽታ ያመጣል። ትራሴን ታቅፌ ሄድኩ። መፈክር ሲጀመር አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ግራ እጁን ጨብጦ ሰቀለ። አንድ እጅ ማንሳትን ሐኪሙ ከልክሎኛል፤ አለማንሳትን ደግሞ ቀበሌው። ትራሴን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩና ሁለቱንም እጆቼን እንደ ምርኮኛ ቀስ አድርጌ አነሳሁ።

ስብሰባው ሲያልቅ ሊቀ መንበሩ ጠራኝ።

«በመፈክር ትቀልዳለህ?»

ሸሚዜን ፈትቼ ጠባሳውን አሳየሁት፤ የሽቦውንም፣ አንድ እጅ የመስቀል ክልከላውንም አንድ በአንድ ነገርኩት። ጠባሳውን ቁልቁል ሲያይ ቆየ።

«ልንካው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። መዳፉን ደረቴ ላይ አሳረፈ። «ሳል እስቲ።»

ትራሴ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ሳልኩ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን አዳመጥን።

«ምንም አይንቀሳቀስም» አለ። «ገጥሟል።»

ያን ሰው ሰፈሩ በሙሉ ይፈራዋል፤ እኔም እፈራዋለሁ። ያን ዕለት ግን ቃሉን አመንኩ። ትራሴን ከወንበሩ አንስቼ በብብቴ ሸጉጬ የቤታችንን ዳገት ወጣሁ።