ቀትር ሲያልፍ የሚወርደው ዐይን

ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ ሰሞን ነው። ሎሚ ቸርቻሪዋ ሰዐዲያ ልጇን ከምልመላ ለማዳን ቤቷ ሸሽጋ፣ ኤረር በር በከተማው ግንብ ሥር ፊት ለፊቷ የሚቀመጠውን ባይተዋር በጥርጣሬ ታየዋለች። በዚያ ሙቀት ኮቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ጠዋት ሁለቱም ዐይኖቹ ደኅና ናቸው፤ ቀትር ሲያልፍ ግን ያንደኛው ቆብ ይወርድና አገጩን ቀና አድርጎ ሰው ይመለከታል። “ጆሮ ጠቢ ነው፤ የተኛ መስሎ ያያል” ትላለች በሆዷ።

አንድ ቀን ከለስላሳ ሻጩ በረዶ ለምኖ፣ በመሐረብ ጠቅልሎ ዐይኑ ላይ ያዘ። ጥቂት ቆይቶ ቆቡ ተገለጠ።

“ምን ጉድ ነው?” አለችው።

“ሐኪሙም እንዲሁ አድርጎ ነው ያወቀልኝ። የዐይኔ ጡንቻ ቶሎ ይደክማል። ክኒን ጀምሬያለሁ፤ እስኪሻለኝ ግን አንዱን ሁለት አያለሁ፣ እናቴ።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ትናንት በደጅዎ ሳልፍ ግቢዎ ውስጥ ሁለት ጎረምሳ አየሁ።”

ሰዐዲያ ክው አለች። “እኔ እኮ ብቻዬን ነው የምኖረው!”

“እንግዲያው ዐይኔ ነዋ! ቀበሌ ቢጠይቀኝስ የዚህን ዐይን ምስክርነት ማን ይቀበላል?” ብሎ ሳቀ።

አብራው ሳቀች፤ ሎሚም መርቃ ሰጠችው። ሳይመሽ ግን ልጇን አቦከር ሰፈር ወዳለችው እህቷ ቤት አሻገረችው።