ለቦርድ የተቀመጠ ጉልበት

ገልባጩ መኪና የመታኝ ወደ ኋላ እየመጣ ነው። ጠዋት ነበር፤ ቃሊቲ ዋናው መንገድ ዳር ቆሜ የፋብሪካውን ሰርቪስ እጠብቃለሁ። ማረሚያ ቤት ስንቅ የሚያደርሱ ሴቶች ፌስታል አንጠልጥለው በፊቴ ያልፋሉ። ሾፌሩ አሸዋ ሊደፋ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስጠጋ ከሴቶቹ አንዷ "ዞር በይ!" ብላ ጮኸች። ዞር አልኩ፤ ግን ዞር ያልኩት ወደ መብራት እንጨቱ ነው። መኪናው ግራ እግሬን ከእንጨቱ ጋር አጣበቀው።

ዘመኑ የኢሕአዴግ ነው። ከተማው ሁሉ ይቆፈራል፣ ይገነባል፤ በእኛ መንገድ ገልባጭ የማያልፍበት ደቂቃ አልነበረም። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በማሽኖቹ መሀል እየተመላለስኩ የተበጠሰ ክር እቀጥላለሁ። እናትና አባታችን ስለሞቱ የምኖረው አቃቂ፣ ታላቅ ወንድሜና ሚስቱ ቤት ነው። ጋሼ ነው የምለው። ያሳደገኝ እሱ ነው።

ሆስፒታል ብረት አስገቡልኝ። የተገሸለጠውን ቦታ ከጭኔ ቆዳ ወስደው ሸፈኑት፤ ግማሹ ያዘ፣ ግማሹ በሰበሰ። ቤት ከገባሁ በኋላም ቁስሉ አልደርቅ አለ። ሽታው አንሶላውን፣ ፀጉሬን፣ የምጎርሰውን እንጀራ ሳይቀር ያዘው። የወንድሜ ሚስት ጨርቁን ስትቀይርልኝ ፊቷን አታዞርም ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው የማዞረው እኔ ነኝ።

ጋሼ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ከመጋዘን ሥራው ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ጢሙን የሚላጨው ለለቅሶና ለሠርግ ብቻ ነው። እኔ ከተጎዳሁ በኋላ ግን በየጠዋቱ ይላጭ ጀመር። ሰማያዊ ማህደር ገዛ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን፣ የሐኪሙን ማስረጃ፣ የመኪናውን የኢንሹራንስ ቁጥር፣ ሁሉንም በየተራ ደርድሮ ያዘ። ከቢሮ ቢሮ በእግሩ እየተመላለሰ ጫማው አለቀ። ይህን አልክድም። እሱ ባይሮጥልኝ ማንም አይሮጥልኝም ነበር።

ያስጠላኝ ሌላው ነው። ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ገና ተቀምጦ ሳያበቃ "ግለጪላቸው እስቲ፣ ይዩት" ይላል። መጀመሪያ ሀዘኑ መስሎኝ እገልጥ ነበር። እየቆየ ሲሄድ የሚያየውም ሰው፣ የሚያሳየውም እሱ፣ ከንፈር መምጠጡን አሳጠሩት። አንድ የሠፈራችን ሰው ጎንበስ ብሎ የተሰፋውን በጣቱ ጫን ጫን አደረገና "ይሄ እንኳን ደህና ያስከፍላል" አለ። የበዓል ገበያ ላይ የበግ ወገብ እንዲህ ነው የሚዳበሰው። ጋሼ ፈገግ አለ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብኩት።

በክራንች መሄድ ስጀምር ኢንሹራንሱ ቢሮ ይዞኝ ሄደ። የካሳ ክፍል ሠራተኛው ሳምቡሳ እየበላ ነበር። በዚያው እጁ ፎቶዎቼን ከማህደሩ አወጣ። ገና ጥሬ ሥጋ ሆኖ የተነሳው እግሬ ላይ የጣቱ ዘይት ታተመ። አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጥ፣

"ይሄ ደብዝዟል። ጠራ ያለ የላችሁም?" አለ።

"እግሩ ራሱ አለ፤ ትግለጥልዎት?" አለ ጋሼ።

"ምን ያደርግልኛል? እኔ እኮ በጉዳቱ መቶኛ ነው የምሠራው። የሐኪሞች ቦርድ ያዩትን ይጽፋሉ፣ እኛ የጻፉትን እንከፍላለን።" እጁን በወረቀት ጠረገ። "ያዩትን ነው የሚጽፉት" ብሎ ደገመው፣ ጋሼን እያየ።

በዚያ ሰሞን ፊዚዮቴራፒ ጀምሬ ነበር። የምትሠራልኝ ሴት ቁጡ ናት። ጉልበቴን በሁለት እጇ ይዛ ስትገፋው የአልጋውን ብረት ነክሼ እጮሃለሁ። "ጩኺ፤ መጮህ ይቻላል፤ መቅረት ግን አይቻልም። አሁን ያልታጠፈ በኋላ አይታጠፍም" ትለኛለች። በሦስተኛው ቀን ጉልበቴ ትንሽ እጥፍ አለ። ቤት ስደርስ ደስታዬን ለጋሼ ነገርኩት። እሱ ግን ፊቱ ጠቆረ።

ማታ እራት በልተን ስንጨርስ አጠገቤ ተቀመጠ።

"እህቴ፣ እስከ ቦርዱ ድረስ ብታርፊስ?"

"ከምኑ?"

"ከማሸቱ። ተይው ማለቴ አይደለም። ትንሽ ይቆይ። ከቦርዱ በኋላ እንደ ልብሽ ታሠሪያለሽ።"

"ሴትየዋ በኋላ አይታጠፍም ብላለች፣ ጋሼ።"

"እሷ ደሞዟን ትበላለች። አንቺ በዚህ እግር ፋብሪካ ተመልሰሽ የምትቆሚ ይመስልሻል? ነገ በምን ልትኖሪ ነው?"

እሺ አልኩ። ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም። እውነቱን ለመናገር ሕመሙን ፈርቼ ስለነበር፣ ቅር ያለው ሰው ፊት አሳየሁ እንጂ ውስጤ ቀለል ብሎት ነበር። ሴትየዋ ሁለቴ ደወለች። ሁለቴም ስልኩን ያነሳው ጋሼ ነው። "ጸበል ሄዳለች" አላት። ከመጋረጃው ወዲህ ተኝቼ እሰማለሁ።

የቦርዱ ቀጠሮ ሁለት ጊዜ ተላለፈ። አራት ወር ሆነ። ጉልበቴ እየደረቀ፣ እየደረቀ፣ በመጨረሻ እንደ በር ማገጃ እንጨት ቀጥ አለ።

ቦርዱ ሦስት ሐኪሞች ናቸው። ጋሼን ውጪ አስቀሩት። ስገባ ከወትሮዬ አብልጬ አነከስኩ። ይህን ያደረግሁት ሳላስብ አይደለም፤ በኮሪደሩ ላይ ሳስበው ነበር። በዕድሜ ገፋ ያሉት ሐኪም አልጋው ላይ አስተኝተው ጉልበቴን ሊያጥፉ ሞከሩ፤ አቃታቸው።

"ፊዚዮቴራፒ ስንት ጊዜ ሄድሽ?"

"ሦስት።"

"ሦስት ብቻ? ለምን?"

"ትራንስፖርት አጥቼ ነው፣ ዶክተር።"

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። እንደ እኔ ያሉ ብዙ ሰዎች እንዳዩ ከአስተያየታቸው ገባኝ። አልተቆጡም። "ቢሠራበት ኖሮ ይሄ ጉልበት ይታጠፍ ነበር፣ ልጄ" አሉና ወደ ጠረጴዛቸው ተመልሰው ጻፉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስወጣ ጋሼ ከአግዳሚው ተነሳ። "ስንት ይጽፋሉ? አሉሽ እንዴ?" አለኝ። ሐኪሙ ሲጽፉ ያየሁትን መቶኛ ነገርኩት። እዚያው ሰው መሀል አቅፎ ግንባሬን ሳመኝ። አደጋው ከደረሰ ወዲህ ስሞኝ አያውቅም ነበር። አፌ ሬት የቀመሰ ያህል መረረ። ክራንቼን አስተካክዬ ወደ ደረጃው ዞርኩ፤ ደረጃውን አንድ በአንድ፣ ደረቁን እግር ወደ ጎን እየወረወርኩ ወረድኩ።

ጋሼ ሌባ አልነበረም። ቼኩ ሲደርስ በስሜ ያስገባው እሱ ራሱ ነው፤ ለራሱ ቤሳ አልጠየቀም። ሌባ ቢሆን ኖሮ መጥላቱ ይቀለኝ ነበር። ከባንክ ስንመለስ "አየሽ?" አለኝ። "ያልኩሽ አልቀረም።"

"በወጉ መቀመጥ እንኳን አልችልም እኮ፣ ጋሼ። ታክሲ ውስጥ እግሬን የማስገባበት የለኝም።"

"እኔ ለማን ብዬ ነው ታዲያ?"

በወሩ ከቤቱ ወጣሁ። አቃቂ በሰቃ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየሁና ልብስ ስፌት ጀመርኩ። በእግር የሚረገጠውን ማሽን ጉልበቴ አይችለውም፤ በሞተር የሚሠራውን ገዛሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ።

ጋሼ በሠፈሩ የካሳ ነገር አዋቂ ሆነ። መኪና የገጨው ሰው ሁሉ እሱ ጋ ይሄዳል፤ ማህደር አስገዝቶ፣ ወረቀት አስደርድሮ ይልካቸዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ትልቅ ሴት ሱቄ መጡ። ልጃቸው ቂሊንጦ ፋብሪካ ስትሄድ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገልብጦ ክርኗ ተሰብሮ ነበር።

"ወንድምሽ እስከ ቦርድ ድረስ ክንዷን አታንቀሳቅሷት አለን" አሉኝ። "ልጅቷ ግን ትጨነቃለች። አንቺ ደርሶብሻል። እንዲያ ነው የሚሻለው?"

"ነገ ጠዋት ይውሰዷት" አልኳቸው። "ብትጮህም ይውሰዷት።" ጉልበቴንም አሳየኋቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ጋሼ መጣ። አልተቀመጠም።

"በሰው ፊት አዋረድሽኝ።"

"እውነቱን ነው የነገርኳቸው።"

"ያንቺን ካሳ ማን አስከፈለልሽ? ይሄን ማሽን ማን አስገዛሽ?"

"ጉልበቴ ነው ያስገዛኝ" አልኩት። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አልመጣም። በዓል ሲሆን ሚስቱ ብቻ ትጠይቀኛለች።

እኚያ ሴት ከወራት በኋላ ተመለሱ፤ ልጃቸውም አብራ ነበረች። ሊያመሰግኑኝ የመጡ መስሎኝ ወንበር ጠረግሁ።

"ቀነሱብን" አሉ በሩ ላይ እንደቆሙ። "ትንሽ ነገር ነው የጻፉላት። ደህና ናት አሉ። አንቺን ባልሰማ ኖሮ ክንዷ እንደደረቀ ይቆይልኝ ነበር።"

"ይቆይልኝ" ነው ያሉት። ልጅቷ ከኋላቸው ቆማለች።

"እየሰማችዎት ነው እኮ" አልኩ።

"ትስማ! ለእሷ ብዬ አይደለም እንዴ?"

ልጅቷ መሬት መሬቱን አየች። ከዚያ ክርኖቿን አጥፋ ሁለት እጇን ወደ ማጅራቷ ልካ የላላውን ሻሿን ፈታችና እንደገና አጥብቃ አሰረችው። ሴትየዋ አላዩአትም እንኳን፤ የካሳውን ነገር ለእኔ እየነገሩኝ ነበር። ሲሄዱ ቻው አላልኳቸውም።

ወደ ማሽኔ ተመለስኩ፤ ስፌቱ ግን እየተጣመመ ሄደ። የዚያን ቀን የሰፋሁትን በሙሉ በማግስቱ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት።