ከአምባሰል የመጣው ዳቦ ዕድሜ

የልጅ ልጄ ሰሚራ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስትመጣ፣ ከበቆሎ የተሠራና ሲጣል አፈር የሚሆን ፕላስቲክ ኩባያ ይዛልኝ መጣች። እኔ ሳልጠረጥር የምቀበለው ነገር ስለሌለ ትኩስ ሻይ ሞላሁበት። ኩባያው እንደኔ ጎበጠ።

«ይኼ ያልተሰለፈው ዓይነት ነው፣ አባባ» አለች እየሳቀች። እንዳስረዳችኝ፣ ውስጡ እንደ ክር የረዘሙ ነገሮች አሉ። ቶሎ ሲቀዘቅዝ እንደተወሳሰቡ ይቀራሉ፤ ኩባያው ጥርት ይላል፣ ሙቀት ግን አይችልም። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ለሶላት እንደቆመ ሰው ረድፍ ይይዛሉ፤ ያን ጊዜ ይደበዝዛል፣ ሙቀት ይችላል፣ ግን ተሰባሪ ይሆናል፤ አፈር ለመሆንም ይዘገያል።

«ዳቦም የሚጠጥረው እንዲሁ ነው» አለች። «ውኃው ስላለቀ ብቻ አይምሰልህ። ብርድ ሲያገኘው ውስጡ ያለው ስታርች ይሰለፋል።»

ዳቦ ስትል ሻዩን ረሳሁት።

ያኔ ጢሜን በጣቴ ፈልጌ የማገኝበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ። ቤታችን ከደጋው በታች ሐይቅ ዳር ነበር፤ ሽንኩርት እናለማለን። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሽማግሌዎች ፋጡማን ለትዳር ሊጠይቁልኝ ከውጫሌ በላይ ወደ አምባሰል ደጋ ወጡ። ቤተሰቧ እንደ ወጉ «እንመክርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» አለና፣ እናቴ እንድትቀምስ በኮባ የተጋገረ የስንዴ ዳቦ ቆርሶ አስያዛቸው። እነሱም እዚያው ደጋ ላይ፣ ጉም በር ገፍቶ ከሚገባበት ዘመድ ቤት አድረው በማግስቱ ደረሱ።

የቤታችን ዳኛ አክስቴ ዘምዘም ናት። ዳቦውን አንኳኳችው፤ እንደ በር ይጮኻል።

«ይኼማ ቢያንስ ሦስት ቀን አልፎታል» አለች። «ሌላ ሽማግሌ ቀድሞ ገብቷል። ለኛ የሱን ትራፊ ነው የላኩልን። ወላሂ፣ ተመልሶ የሚሄድ የለም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔ ግን ተቀናቃኜን ወዲያው በሐሳቤ ፈጠርኩት፦ ረጅም፣ በቅሎ ያለው፣ ጢሙ የሞላ።

በነጋታው የውጫሌ ገበያ ነበር። ሌላው ለሚወዳት ሽቶ ይይዛል፤ እኔ የደረቀ ዳቦ ኪሴ ከትቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ፋጡማን ባቄላ ስትሰፍር አገኘኋት።

«ይኼን ለማን ነው የጋገራችሁት?» ብዬ አወጣሁት።

ዳቦውን አየች፤ እኔን አየች። «አንተስ ለምን አልበላኸውም?»

«እንዴት ይበላል? አክስቴ የሦስት ቀን ነው ትላለች።»

ነጥቃኝ ወደ ሻይ ሻጯ ሄደችና ከሚፈላው ማንቆርቆሪያ አፍ፣ እንፋሎቱ ላይ ያዘችው። ቆይታ ቆርሳ ሰጠችኝ። ጥጥ ሆኗል፤ የኮባው ሽታ እንኳ ተመልሷል።

«የሦስት ቀን ዳቦ እንዲህ ይሆናል?» አለች። «ደጋ አድሮ በርዶት ነው። ለአክስትህ ንገራት። ካልመጣችሁም የሚመጣ አይጠፋም።»

የተረፈውን ቁራሽ አክስቴ ፊት በእንፋሎት አለሰለስኩት። ቀመሰች፣ የቀረውንም ጨረሰችው፤ ሽማግሌዎቹም ወደ ደጋው ተመለሱ፤ ኒካህ ታሰረ።

ይህን ለሰሚራ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «አባባ፣ የሦስት ቀኑም እኮ በእንፋሎት ይለሰልሳል። ሙቀት ሰልፉን ይበትነዋል።»

ይህን ሁሉ ዘመን ያመንኩት እንፋሎት ኖሯል። ከዘራዬን ይዤ ጓዳ ገባሁ። ፋጡማ ምስር ትለቅማለች።

«እውነቱን ንገሪኝ፣ ያኔ ከኔ በፊት ሌላ ሰው መጥቶ ነበር?»

ቀና እንኳ ሳትል «መጥቶስ ቢሆን?» አለች። «ዳቦውን በልቶ ሄዷላ። ኪሱ ከትቶ ገበያ ድረስ የተከተለኝ አንተ ነህ።»

እንደ ጎረምሳ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜ መጠርጠር ምን ይጠቅማል ትሉኝ ይሆናል። ቢያንስ የሱብሒ ሶላት አያልፈኝም፤ ተኝቼ አላውቅማ። እናንተም ልብ በሉልኝ፤ አልመጣም አላለችም።