ጭስ የምትለየው ማናለብሽ

ማናለብሽ ከእንጅባራ ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌያችን ሃያ ዓመት ከሰል አክስላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ የቆመው በዚሁ ነው። የዲከረንስ ዛፍ ግንድ ትከምራለች፣ ሣርና አፈር ታለብሰዋለች፣ ከዚያ ጭሱን እያየች ትጠብቃለች። ጭሱ ነጭ ከሆነ እንጨቱ ገና እርጥብ ነው፤ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ከሰሉ ደርሷል። እኔ የቀበሌው ጸሐፊ ነኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ይህን አላውቅም ነበር።

አምና መጋቢት ላይ ሰማዩ ጠየመ። ፊት ለፊታችን ያለው ተራራ ጠፋ፤ ሕፃናት ማሳል ጀመሩ፣ ዓይናችን ቀላ። ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ አልሄድንም። ሊቀመንበሩ አየነው ስብሰባ ጠርቶ ከሰል ማክሰል በቀበሌው ፈጽሞ ይታገድ አለ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ የማናለብሽ ክምር ከቤቴ ጀርባ ነው።

ማናለብሽ ብድግ አለች።

«ይሄ የእንጨት ጭስ አይደለም፤ የሣር ጭስ ነው። ኧረ አፍንጫ የላችሁም?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄአለሁ።

«እንግዲያው አምስት ቀን ስጡኝ» አለች። «የሁላችንም ክምር ይዳፈን። ሰማዩ ከጠራ አካፋዬን ራሴ አምጥቼ አስረክባለሁ።»

ሌሎቹ አክሳዮች አጉረመረሙ። ገና ያልደረሰ ክምር ከተዳፈነ የሳምንት ድካም ገደል ገባ ማለት ነው። እሷ ግን በዚያው ዕለት የራሷን ቀድማ ደፈነችው፤ እነሱም አፍረው ተከተሏት።

በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ከምዕራብ በረታ፤ ጭጋጉም ባሰበት። በቀበሌው ውስጥ የሚጨስ አንድም ክምር የለም፤ እኛ ግን በእኩለ ቀን የጎረቤት አጥር ማየት አቃተን። አየነው ከዩኒቨርሲቲው ትዕዛዙ የሚባል መምህር አስጠራ። ትዕዛዙ ከሳተላይት የተነሣ ፎቶ በስልኩ አሳየን። ሱዳን ድንበር ማዶ ሰፊ የሣር ሜዳ ይነዳል፤ ጭሱ ቆላውን አቋርጦ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ይመጣል። ኬላ ላይ መታወቂያ የጠየቀው የለም።

በአምስተኛው ቀን አየነው ሕዝቡ ፊት ቆመ። «እትዬ ማናለብሽ፣ በድለንዎታል፤ ይቅር ይበሉን» አለ። እልልታው ቀለጠ። አክሳዮቹ ትከሻቸው ላይ ሊያወጧት ሲታገሉ በሳቅ ፈነዳች። እኔ እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ፤ ኀፍረቴ ግን በጭብጨባ አልሄደም።

«የእኛም ጭስ ቢሆን ሽቶ አይደለም» አለች ጸጥ ሲል። «ክምራችንን ከትምህርት ቤቱና ከሰው ጓሮ እናርቃለን።» አየችኝ። አቀረቀርኩ።

ከዚያ ስለ ጭሱ ለዞኑ ደብዳቤ እንዲላክ፣ ቃሉንም እሷ እንድታስጽፈኝ ተወሰነ። «ከማዶ ስላሉት አጥፊዎች ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኳት።

«አጥፊ አትበል» አለችኝ። «እዚያም ሰማዩ በጠየመ ቁጥር የሚወነጀል እንደ እኔ ያለ ሰው አይጠፋም። ማንም ከመፍረዱ በፊት እሱን ይጠይቅ ብለህ ጻፍ።»