የኪሮስ እግርና እርጥቡ ጠፍር

በሰቆጣ ስለ ደም ሥር የሚያውቅ ሰው ይጠራ ቢባል፣ ከሐኪሞቹ ቀጥሎ የምጠራው እኔ ነኝ። «ከሐኪሞቹ ቀጥሎ» ያልሁት ለትሕትና ነው። የቀለም ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከአባቴ እኩዮች ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቤ ነው። የቀረውን ሁሉ ራሴን በራሴ አስተማርሁ።

ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄጄ አንዲት ወጣት ነርስ የግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ ጠቅልላ ነፋችው። ክንዴ ተጨመቀ፤ ጣቶቼ ደነዘዙ። አየሩን ስትለቀው ደሙ እየሞቀ እስከ ጥፍሬ ሲወርድ ተሰማኝ።

«አሁን የዘጋሽው ደም ቅዳውን ነው። ደም መልሱማ ገና ስትጀምሪ ነው የተዘጋው» አልኋት።

«አባባ፣ ሐኪም ነበሩ እንዴ?»

«ቆዳ መራጭ ነበርሁ።»

ሳቀች። እኔ ግን ኪሮስ ትዝ ብሎኝ ስለነበር መሳቅ አልቻልሁም።

በደርግ ጊዜ፣ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላኝ፣ ለአንድ ሙስሊም የቆዳ ነጋዴ እሠራ ነበር። ከዝቋላና ከአበርገሌ የሚመጣውን የፍየል ሌጦ ዘርግቼ ደረጃ አወጣለሁ። ሲታረድ ደሙ በደንብ ያልፈሰሰ ፍየል፣ ሌጦው ላይ ደም ሥሩ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተሰራጭቶ ይቀራል፤ ይህ ሦስተኛ ደረጃ ነው። ሌላው ሰው እዚያ ላይ ጉድለት ሲያይ እኔ መንገድ አየሁ። ከሥጋ ሻጮች ደም ሥር እየለመንሁ በቢላ እሰነጥቅ ጀመር። አንዱ ዓይነት ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ቢቆረጥም አፉ ክብ ሆኖ ይቀራል። ሌላው ስስ ነው፤ ጠፍጠፍ ይላል። በሰንበሌጥ ስነፋው ደግሞ ትንፋሼን በአንድ በኩል ያሳልፋል፣ በሌላው በኩል ይከለክላል፤ ውስጡ ትንንሽ መዝጊያዎች አሉት። ኋላ ነጋዴው ጨው ከሚጠቀልልበት አሮጌ የጤና መጽሐፍ ገጾቹን ለምኜ ሳነብ ስማቸውን አገኘሁ፤ ከልብ የሚያወጣው ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስ ይባላል። ነገሩን ግን ከመጽሐፉ በፊት አውቄው ነበር።

ሰው ደም ሥርን እንደ ቱቦ ያስበዋል። ስሕተት ነው። ግድግዳው ሕይወት አለው፤ ይጠባል፣ ይሰፋል። ሲበርደን የጣቶቻችንን መንገድ አጥብቦ ሙቀቱን ለሆድ ዕቃ ያቆያል። የደሃናን አቀበት ስንወጣ ለጭናችን ይከፍታል፤ ጠግበን ስንቀመጥ ወደ አንጀት ይልካል። ደም ለሁሉም አካል በአንድ ጊዜ አይበቃም፤ እንደ መስኖ ውኃ በተራ ነው የሚሄደው።

ኪሮስ የልብ ጓደኛዬ ነበር። አንድ በጋ እሱና አባቱ አያ ንጉሤ ፍየል ሊሸጡ ከአበርገሌ ወደ ሰቆጣ ሲመጡ፣ እኔም ሌጦ ሰብስቤ ስመለስ ነበርና አብሬያቸው ተጓዝሁ። ሙቀቱ ድንጋዩን ሳይቀር ያተኩሳል። ከቁርቁራ ዛፍ ሥር አርፈን የማሽላ ቂጣ በበርበሬ በላን። ኪሮስ አንዲት ፍየል ከቋጥኝ ሥር ሊያስወጣ ጎንበስ ሲል እባብ ቁርጭምጭሚቱን ነደፈው። እባቡን አላየነውም፤ ሁለት የጥርስ ቀዳዳ ብቻ አየን።

አያ ንጉሤ የአህያዋን ጭነት ጠፍር ፈትተው፣ እንዲለሰልስ በውኃ ነክረው ከጉልበቱ በታች ጥርቅም አድርገው አሰሩት። የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ቀጥለውም እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ጊዮርጊስ፣ ደጅህ አድርሼ ጠበልህ ሳይነካው አልፈታውም» ብለው ተሳሉ። ኪሮስን አህያዋ ላይ ጭነን አቀበቱን ተያያዝነው።

እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ እንደሚኮማተር ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ በዚያ አገር አልነበረም። መጀመሪያ እግሩ አብጦ ጠቆረ፤ ደም ቅዳው ከውስጥ በኩል ደም ያስገባል፣ ስሱ ደም መልስ ግን ተጨፍልቆ አያስወጣም። ፀሐይዋ ጠፍሩን ስታደርቀው ደም ቅዳውም ተዘጋ። እግሩ አመድ መሰለ። ዳሰስሁት፤ በዚያ ቀትር ይቀዘቅዛል።

«አያ ንጉሤ፣ ጠፍሩ እየደረቀ ነው። ይላላለት።»

«መርዙ ልቡ እንዲገባ?»

«መርዝ ሳይሆን ጠፍሩ ነው እግሩን የሚገድለው።»

«አንተ ሌጦ ለቃሚ! የልጄን እግር የፍየል ቆዳ አደረግኸው?»

«የፍየል ቆዳ ቢሆንማ ሦስተኛ ደረጃም አልሰጠውም ነበር።»

ኪሮስ ከንፈሩን ነክሶ ሊስቅ ሞከረ። «ለኔ እግር ሦስተኛ ደረጃ እንኳ? ተው አንተ፣ አታዋርደኝ።» ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። «አባ፣ እግሬ አይሰማኝም። ይፍቱልኝ።»

የራሴን አውራ ጣት ጥፍር ተጭኜ ለቀቅሁ፤ ነጥቶ መልሶ ቀላ። የኪሮስን የእግር ጥፍር ተጫንሁ፤ እንደነጣ ቀረ። «አዩ? ደም የለበትም። ጊዮርጊስ ደጅ የሞተ እግር ይዘው ሊደርሱ ነው?»

«ስለት ነው! ስለት አይፈርስም!»

ቢላዬን አወጣሁ። ዱላቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ዛሬም ክረምት ሲገባ ያመኛል። አልተመለስሁም። ኪሮስን ከአህያዋ አውርጄ አጋድሜ፣ ከጠፍሩ በላይ በነጠላዬ ጠበቅ አድርጌ ይዤ፣ ጠፍሩን በጠስሁት። ከዚያ ነጠላውን ጥቂት በጥቂት አላላሁት። ደሙ በአንድ ጊዜ ወደ እግሩ ከወረደ ራሱን እንደሚስት ገምቼ ነበር። እግሩ መጀመሪያ ጉበት መሰለ፤ ቀጥሎ እንደ እሳት ቀላ። ኪሮስ ጮኸ።

«መርዙ ወጣ! ገደልኸው!» አሉ አያ ንጉሤ፤ በአገራቸው አገውኛ፣ በኽምጣንጋ፣ ይረግሙኝ ጀመር።

ያቀላው መርዝ አልነበረም። ደም የተራበ ሥጋ መንገዶቹን ሁሉ ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ መቅላቱ የመዳን መቅላት ነበር። ጥፍሩን ተጫንሁ። ነጣ፤ ቀላ።

ሰቆጣ ስንደርስ የእግሩን ጣቶች ያንቀሳቅስ ነበር፤ የእባቡም መርዝ ጥቂት ኖሯል መሰለኝ፣ አልጎዳውም። አያ ንጉሤ ለጊዮርጊስ ሙክት አስገቡ፤ ለእኔ «እግዜር ይስጥህ» እንኳ አላሉኝም። በመስቀል ኪሮስ ከጨዋታው መሐል ሆኖ ሲዘል አየሁት። «አንደኛ ደረጃ!» ብሎ ጮኸልኝ፣ እግሩን እየመታ።

በቀጣዩ ዓመት የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወጣቶቹን ገበያው ሜዳ ላይ አሰልፎ ለመልማዩ አስረከበ። እኔን ነጋዴው ከሌጦ ክምር ኋላ ደብቆኝ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ። መልማዩ እያንዳንዱን ያስሮጣል። አንድ እግረ ሰባራ «ሂድ፣ አንተ አትረባም» ተብሎ ወደ እናቱ ተመለሰ። የኪሮስ ተራ ደረሰ። ሮጠ፤ አቤት አሯሯጡ! መኪና ላይ ጫኑት።

ደርግ ሲወድቅ ጥቂቶች ተመለሱ። እሱ አልተመለሰም፤ መርዶም አልመጣም። እናቱን እትዬ ዝማምን ልጠይቅ ብሄድ ከደጅ አላሳለፉኝም።

«አንተ ነህ ያስረከብኸው። አንካሳ ልጅ ይበቃኝ ነበር» አሉኝ።

ዛሬም ቢሆን ያንን ጠፍር እበጥሰዋለሁ፤ ትክክል ነበርሁ። ትክክል መሆን ግን ለእኒያ ሴት ምንም አልጠቀማቸው።

በዕድሜዬ ያደረግሁትን ለሚጠይቀኝ እነግረዋለሁ። ያለ መምህር የደምን መሄጃና መመለሻ ለይቼ አውቄአለሁ። ሌጦ በእጄ ዳብሼ የፍየሏን አገር መናገር ችያለሁ። ከአበርገሌ እስከ ሰቆጣ ባለው መንገድ የተነደፈ ሰው በእርጥብ ጠፍር እንዳይታሰር፣ ዝም ብሎ ተጋድሞ በወሳንሳ ሐኪም ዘንድ እንዲወሰድ፣ ከቄስም ከሽማግሌም ተጨቃጭቄ አሳምኛለሁ። ልጆቼን አስተምሬአለሁ፤ ካንዷ በቀር ሁሉም ከእኔ ያነሰ ያውቃሉ። አንድ እግርም አድኛለሁ፤ ሙሉ፣ ትኩስ፣ የሚሮጥ እግር። በየትኛው አፈር ሥር እንደቀዘቀዘ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።