ሬዚስተርን አንቱ የሚለው ሰው

ካርቱም፣ ባሕሪ ላይ፣ የፋብሪካዎቹ ሰፈር ውስጥ፣ የብረት አልጋ የሚሠራ ወርክሾፕ አለ። ተድላ የዚያ ቤት ቀለም ቀቢ ነበር። ቀቢ ስል ብሩሽ የያዘ እንዳይመስላችሁ። የእሱ መርጫ ሽጉጥ ኤሌክትሪክ ያላት ናት። ከፊት ለፊት ቀለሙን ትተፋዋለች፣ ቀለሙ ግን የአልጋውን ቱቦ ዞሮ ጀርባውን በራሱ ጊዜ ይለብሳል። ተድላ አምስት ዓመት ሙሉ አይቶት አልጠገበም። ሱዳኖቹ እንዴት ነው ሲሉት ጅኒ አለባት ይላቸዋል።

አንድ ሰሞን ታዲያ ጅኒው መሄድ ጀመረ። ቀለሙ ጀርባውን መያዝ ተወና ግማሹ መሬት ላይ ይረግፍ ጀመር። ተድላ ቆሽሻ ነው ብሎ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ሽጉጧን እንዳለች ቲነር ባልዲ ውስጥ ነክሮ አሳደራት። በማግስቱ ጭራሽ ባሰባት። ቀለም ትረጫለች፣ መሳብ የሚባል ነገር ግን የለም። የወርክሾፑ ባለቤት ሂሻም ደግሞ ለአንድ የተማሪዎች ማደሪያ አርባ አልጋ የሚያስረክብበት ሳምንት ነው። እስከ ሐሙስ ካልተሠራች በብሩሽ የሚቀባ ሰው እንደሚያመጣ፣ ተድላም ሌላ ሥራ እንዲፈልግ ነገረው። ተድላ የባልዲውን ነገር ዋጥ አደረጋት።

ጠጋኙን ቢረሳውን ከሳጃና ሰፈር ይዞ የመጣው ራሱ ተድላ ነው። ቢረሳው ድሮ የጦሩ ሬድዮ ጠጋኝ ነበር። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን በመተማ በኩል በእግሩ ወጣ፤ ሁሉን መንገድ ላይ ሲጥል ያልጣለው የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን ብቻ ነው። አሁን ሳጃና፣ ከአንድ ሻይ ቤት ጎን፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሬድዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ለሰው ብዙም አያወራም። ለዕቃ ግን ያወራል፣ ያውም በአንቱታ። አሮጌ ሬድዮ ሲመጣለት «እንዴት አደሩ? የት ጋ ነው ያመመዎት?» ይለዋል። ተድላ ዓርብ ዓርብ አንገቱን አዘንብሎ፣ የሌለ መነጽር አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ፣ ይህን እያስመሰለ የሻይ ቤቱን ሰው በሳቅ ሲገድል ኖሯል።

ረቡዕ ጠዋት ቢረሳው ሽጉጧን ፈታትና ከአፈሙዟ ውስጥ ጣት የምታህል ሬዚስተር መዘዘ። «አለፉ እንዴ?» አላት። ከዚያ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተታትና ቀና ብሎ ተድላን አየው። የተድላ ጆሮ ጋለ። ቢረሳው ግን ወደ ሥራው ተመለሰ።

እየሠራም ነገራቸው። ሽጉጧ ጫፍ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ስልሳ ሺህ ቮልት ነው፤ ይህቺ ትንሽ ነገር ካልያዘችው፣ ሽጉጧ ብረት በተጠጋች ቁጥር እሳት ትተፋለች፣ በቲነር የተሞላ ቤት ውስጥ። መለዋወጫው ካርቱም ውስጥ ማፊ፣ የለም። እሱ ግን ከሞቱ ቴሌቪዥኖች ሆድ ያወጣቸውን ሬዚስተሮች ከኪሱ አወጣ። አንድ በአንድ እየለካ፣ በሞተችው ላይ የተጻፈው ቁጥር እስኪሞላለት ጫፍ ለጫፍ በየዳቸው። ከዚያ ቀዳዳው ውስጥ ነጭ ግሪስ ሞልቶ፣ አንዲት የአየር አረፋ እንዳትቀር በእንጨት ስንጥር እየጠቀጠቀ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ተድላ ትንፋሹን ይዞ አየው። ለዓርብ ማስመሰያ የሚሆነውን መልቀም እንኳ ረስቷል።

ገጠሟትና ሞከሯት። ቀለሙ ትንሽ ዞር ሊል ከጀለና ረገፈ።

«ኻላስ፣ በቃ፣ ባሽሙሐንዲስ» አለ ሂሻም እጁን እያራገፈ።

ቢረሳው አልተከራከረም። አልጋውን ትቶ የተሰቀለበትን ሜንጦ፣ ከሜንጦው ሰንሰለቱን፣ ከሰንሰለቱ የመሬቱን ሽቦ እየተከተለ በጓሮ ወጣ። ሽቦው የሚያበቃው መሬት ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ ላይ ነው። ተንበርክኮ አፈሩን ዘገነው። ዱቄት።

«ውሃ ጠምቶዎታል» አለው ዘንጉን። ዞሮም ሂሻምን እዚህ ቦታ ላይ ምን እንደነበር ጠየቀው።

ሂሻም አሰበ። ሠራተኛው ከሶላት በፊት ዉዱእ የሚያደርግበት ቦታ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት በበሩ በኩል አዲስ ቧንቧ አስገባላቸውና ሁሉም ወደዚያ ሄደ።

ለካስ የዙህርና የዐስር ሶላት በደረሰ ቁጥር ሃያ ሰው እጅና እግሩን ሲታጠብ ያ ውሃ ዘንጉን ያጠጣው ኖሯል። ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚወርደው በዚያች እርጥበት ነበር፤ አፈሩ ሲደርቅ ቀለሙም ብረቱን መፈለግ ተወ። ተድላ ያን ጊዜ ገባው። ሽጉጧ መጀመሪያ ምንም አልሆነችም ነበር። የገደላት ባልዲው ነው።

ዙህር አዛን ሲል ሂሻም ራሱ ውሃ የሞላ ኢብሪቅ ይዞ ዘንጉ አጠገብ ቁጢጥ አለና እጅጌውን ሰበሰበ። ሌሎቹም ተከተሉት። ከሶላት በኋላ ተድላ ሽጉጧን ጨበጠ። ቀለሙ እንደ ጉም ወጣ፣ ቱቦው ጋ ሲደርስ ተጠማዘዘ፣ ዞሮ ጀርባውን አለበሰው። መሬት ላይ አንድ ጠብታ የለም።

«ሱብሐነላህ» አለ ሂሻም ቀስ ብሎ። ቆይቶ ታዲያ ሬዚስተሯን ምን እንደገደላት ጠየቀ። ቢረሳው መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። አለማጋለጡ ተድላን ከስድብ በላይ ከበደው።

«እኔ ነኝ። ቲነር ውስጥ አሳድሬያት ነው።»

ሂሻም እሱን አየው፣ ቀጥሎ በሩ ጋ ያለውን አዲሱን ቧንቧ አየ።

«አንተ ሽጉጧን አሰጠምክ፣ እኔ መሬቱን አስጠማሁ። ያላ፣ ሠላሳ ዘጠኝ አልጋ ይቀራል።»

ዓርብ ዕለት ሳጃና፣ የሻይ ቤቱ ሰዎች ቢረሳውን አስመስልልን አሉት። ተድላ አንገቱን አዘነበለ፣ መነጽሩን አወረደ፣ ሬዚስተሯን አሸተተ። ሳቁ ሞቅ እንዳለ ግን አፈሩን ሊዘግን ተንበርክኮ፣ እዚያው ቀረ።

«ከዚህ በኋላ ያለውን ማስመሰል አልችልም» አለ።