የአይቀርልህም ነቀርሳ

ዶክተር መሐሪን በስማዳ የወገዳ ከተማ ሰው የሚያከብረው እስከ ግማሽ ድረስ ነው። «ዶክተር» ብሎ ይጀምርና ትዝ ሲለው «የከብት» ብሎ ያስተካክላል። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ የተማረው የልብና የሳንባ፣ የዓይንና የአጥንት ነገር ስማዳ ሲደርስ በሬ ማኮላሸትና ላም መከተብ ብቻ ሆኖ ቀረ። የታመመ በሬ ቢመጣለትም መጀመሪያ አዋቂ አይቶት፣ ቀጥሎ አማች በፌጦ አሽቶት፣ ነፍሱ ልትወጣ ጥቂት ሲቀራት ነው። የሞተ እንደሆነ የዶክተሩ መርፌ ገደለው። የዳነ እንደሆነ ደግሞ ፌጦ ምን የመሰለ መድኃኒት ነው!

መሐሪ ይህን ሁሉ ለምዶታል። ያልለመደው ውሻ ማከም ነበር። በዚያ አገር ውሻ ክሊኒክ የሚደርሰው በወሬ ነው። ውሻ ነከሰኝ የሚል ሰው ይመጣል፣ መሐሪ ወደ ጤና ጣቢያ ይሸኘዋል፣ የውሻውን ጉዳይ ደግሞ ዘመድ አዝማድ በዱላ ይጨርሰዋል።

ወይዘሮ ይታይሽ ውሻቸውን በአህያ ጭነው የመጡት በገበያ ቀን ነው። በሌላ ቀን ቢመጡ ማንም አያያቸውም ነበር፤ እሳቸው ግን ሰው ምን ይለኛል የሚሉ ሴት አይደሉም። ውሻው ጋቢ ተከናንቦ በጭነቱ ቦታ ተኝቷል፤ ባለቤቱ ከኋላ በእግራቸው ይነዳሉ። ገብስ ሻጩ መስፈሩን አቆመ። አንድ ጎረምሳ ደፈረና «እማማ፣ ሙሽራውን የት እናውርድልዎ?» አላቸው።

«አባትህ ቤት። አንተን ካፈሩ ወዲህ ደህና ነገር አልገባበትም» አሉት፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት።

ክሊኒኩ ሲደርሱ መሐሪ አህያዋ ናት የታመመችው ብሎ እግሯን ሊያይ ጎንበስ አለ። ወይዘሮዋ ክንዱን ይዘው ወደ ላይ አቀኑትና ጋቢውን ገለጡለት። ቡናማ፣ ደረተ ሰፊ ውሻ ነው፤ ዓይኑ ፈዟል፣ ጋቢው ላይ የደም ነጠብጣብ አለ። ስሙ «አይቀርልህም» ነው።

በዚያ አገር የውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው አይደለም፣ ለጎረቤት ነው። ሰው ፊት ለፊት ሊናገረው ያልደፈረውን ውሻው ላይ ያሳድርና ደጅ ወጥቶ ይጣራል። የወይዘሮ ይታይሽ ጎረቤት አቶ አወቀ የሟች ባላቸው ወንድም ናቸው። እኒህ ሰው ወንድማቸው በተቀበሩ በዓመቱ በሁለቱ ማሳ ድንበር ላይ ባሕር ዛፍ ደረደሩ። ባሕር ዛፉ የወይዘሮዋን ገብስ ውኃ ጠጣ፤ ወይዘሮዋ ፍርድ ቤት አቤት አሉ፤ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ሽማግሌ ተነሣ፤ ሁለቱም ከዚያ ወዲህ ዓይንና ናጫ ሆኑ። ወይዘሮዋ ወንድ ቡችላ አምጥተው «አይቀርልህም» አሉት። አቶ አወቀም ሳይውሉ ሳያድሩ ሴት ቡችላ አመጡና «ማን ፈርቶሽ» አሏት። ይኸውና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአንዱ አጥር «አይቀርልህም!» ከሌላው አጥር «ማን ፈርቶሽ!» ይባላል፤ ሰፈሩም ከዚህ የተሻለ መዝናኛ የለውም።

ስሙን ለጠብ ያውጡት እንጂ ውሻውን የወደዱት ለጠብ አልነበረም። ባላቸው ከሞቱ፣ ልጆቻቸውም ባሕር ዳርና መተማ ተበትነው በስልክ «ደህና ነሽ እማ» ብቻ ከሆኑ ወዲህ፣ ከማሳ ሲመለሱ ከተኛበት ተነሥቶ የሚቀበላቸው እሱ ብቻ ነው። እሱ ከሌለ ያ ቤት ቤት አይደለም። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ የዚያን ቀን ግን ለመሐሪ ተናገሩ፣ ከዚያም ስለተናገሩ ተቆጡ።

«ደም ይሸናል። ኩላሊቱን ብርድ መትቶት ነው።»

«ምን ተደረገለት?»

«ፌጦ ሰጠሁት፣ ተፋው። ጠበል ልወስደው ስል ቄስ መልአኩ ‹ውሻ ምንጩን ቢረግጠው ማን ሊጠመቅበት ነው?› ብለው ተቆጡኝ።»

«ታዲያ ተውት?»

«ስለምን እተዋለሁ? እኔ ጠጣሁለት።»

መሐሪ ሳቁን ዋጠና ጓንቱን አጥልቆ ውሻውን ገልብጦ አየ። ደሙ ከኩላሊት አልነበረም። ብልቱ ላይ እንደ ጎመን አበባ የተቋጠረ ቀይ ሥጋ በቅሏል፤ ሲነካ ይደማል።

«ነቀርሳ ነው እማማ» አለ።

ወይዘሮ ይታይሽ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«ይሞትብኛል?»

«ካልታከመ ይሞታል። ይህኛው ነቀርሳ ግን ደግ ነው፣ መርፌ ይሰማል። ብዙዎቹ ይድናሉ።»

«ከምን መጣበት?»

መሐሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከሴት ውሻ ነው። ሲገናኙ ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል።»

«የኔ ውሻ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም።»

«እማማ፣ ውሻ እኮ ነው።»

«ውሻ ቢሆንስ! ያሳደግሁት እኔ ነኝ!» ካሉ በኋላ ግን አሰቡ። በዚያ ሰፈር ያለችው ሴት ውሻ አንዲት ብቻ ናት። ፊታቸው ቀስ በቀስ ጠቆረ። ሽማግሌ ያላስታረቀውን ሁለት ቤት፣ ውሾቹ ባለቤቶቻቸውን ሳያማክሩ ከአጥሩ ሥር አስታርቀውት ኖረዋል።

መድኃኒቱ ለሰው ነቀርሳ የተሠራ ነው። ባሕር ዳር የሚሠራ የመሐሪ የክፍል ጓደኛ እንደምንም ፈልጎ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ላከለት። የመሐሪ አለቃ ሲሰሙ «ለውሻ ኬሞ? እኛ የታመምን ዕለት አዲስ አበባ ሂዱ ነው የምንባለው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ቢሆንም በየሳምንቱ ወይዘሮዋ አህያዋን እየነዱ ይመጣሉ፣ እሱም የውሻውን ደም ሥር ፈልጎ ይወጋል። ፈሳሹ ከደም ሥር ውጭ ጠብ ካለ ሥጋ ያቃጥላልና መርፌው እስኪወጣ ትንፋሹን ይይዛል። ወይዘሮዋ የውሻውን ራስ ታቅፈው «በርታ የኔ ጌታ» ይላሉ። ባላቸውን እንዲህ ብለው ጠርተው እንደማያውቁ የሚያውቋቸው ሁሉ ይመሰክራሉ።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። መሐሪ «አቅም እንዲያገኝ እንቁላል ያብሉት» ሲላቸው ወይዘሮዋ እንደ ከሃዲ አዩት። እሳቸው ቤት ውሻም ይጾማል። ማታውን ግን እንቁላሉን ቀቀሉ፤ ቀቅለውም ሄደው ለነፍስ አባታቸው ለቄስ መልአኩ ተናዘዙ። ቄሱ አገጫቸውን ሲያሻሹ ቆይተው «ውሻ ይጹም የሚል መጽሐፍ እስካሁን አላጋጠመኝም» አሏቸው።

እብጠቱ ሟሸሸ፣ ደሙ ቆመ። አንድ ቀን አይቀርልህም አህያ አልፈልግም ብሎ በእግሩ መጣ። መሐሪ ደስ አለው፤ ደስታውም የሚያሳፍረው ያህል ትልቅ ነበር። ስማዳ ከገባ ጀምሮ የተማረው ሁሉ ለአንድ ነገር ሲጠቅም ያየው ያን ቀን ነው።

የዳነ ውሻ ግን የዳነ ውሻ ነው። ወይዘሮዋ በጠፍር ቢያስሩት በላው፤ በገመድ ቢያስሩት ቆረጠው፤ ሲፈልጉትም ያገኙት አጥሩ ሥር ከማን ፈርቶሽ ጋር ነበር። መሐሪ ሄዶ በአጥሩ ቀዳዳ ያቺንም ውሻ አያት። የሷ እብጠት ከሱ የቆየና የሰፋ ነው።

«እሷ ካልታከመች ልፋታችን ከንቱ ነው» አላቸው። «ይመለስበታል። ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ መርፌውን ላይሰማ ይችላል። ያኔ እኔም ምንም አላደርግለትም።»

«እኔ የዚያን ሰው ደጅ ረግጬ…» ብለው ጀመሩ ወይዘሮ ይታይሽ። እግራቸው ሥር የተኛውን ውሻ አዩና ተዉት። «ሽማግሌ ይላክ» አሉ በመጨረሻ። ይህን ቃል ለማውጣት ምን ያህል እንደታገሉ ከላባቸው ያስታውቃል።

አቶ አወቀ «የኔ ውሻ ጨዋ ናት፤ አጥር ጥሶ የመጣው የሷ ነው። መጀመሪያ ጥፋቱ ይታወቅ!» ብለው ላኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለባሕር ዛፉ የተቀመጡት ሽማግሎች ለውሾቹም ተቀመጡ። ባሕር ዛፉን ያየ ሰው ከዚህ ብዙ አይጠብቅም። ቄስ መልአኩ መሐል ሆነው ግራ ቀኙን ሰሙ። አቶ አወቀ የውሻቸውን ጠባይ ከቡችላነቷ ጀምረው ዘረዘሩ። ወይዘሮ ይታይሽም የሳቸው ውሻ በሽተኛ ከመሆኑ በፊት ምን ያህል ቁጥብ እንደነበረ አስረዱ። አንድም ሽማግሌ አልሳቀም።

«እንግዲህ ዶክተር» አሉ ቄስ መልአኩ፣ «አዋቂው አንተ ነህ። በሽታውን የጀመረው ማን ነው? እውነቱን ንገረን።»

እውነቱን መሐሪ ያውቃል። የጀመረችው ማን ፈርቶሽ ናት። ይህን ቢናገር አቶ አወቀ ዱላቸውን አንሥተው ይሄዳሉ፣ ውሻቸውንም ሰው አያስነኩም፤ ሁለቱም ውሾች በየተራ ያልቃሉ። ጥፋቱን አይቀርልህም ላይ ቢያደርግ ደግሞ ወይዘሮዋ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለዚያ ሰው ይቅርታ ሊጠይቁ ነው፤ አይጠይቁም። ዞር ብሎ አያቸው፤ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አፉን ይጠብቃሉ።

«ሁለቱም አይደሉም» አለ። «መንገደኛ ውሻ ነው ያመጣባቸው።»

ማጉረምረም ሆነ። «ምልክቱስ?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «የጠፋ በሬ እንኳ በቀለሙና በጆሮው ይነገራል። ምልክት የሌለው ጥፋተኛ አለ እንዴ?»

መሐሪ አላሰበበትም ነበር። ጠዋት ሲመጣ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ፀሐይ ሲሞቅ ያየው አንድ ውሻ ዓይኑ ላይ ድቅን አለ። «ቀይ ነው» አለ፤ «ግራ ጆሮው የተቆረጠ። ከጋይንት በኩል ሳይመጣ አይቀርም።»

«ከጋይንት!» አሉ አቶ አወቀ፣ ነገሩ ሁሉ እንደተገለጠለት ሰው። ወይዘሮ ይታይሽም «እኔስ ብያለሁ!» አሉ፤ ምንም ያሉት ነገር አልነበረም። ሽማግሎቹ ጎረቤቱ ወረዳ ጋይንት ከዚህ ቀደም ያመጣውን መጥፎ ነገር እየተቀባበሉ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ የሁለቱ ቤት ሰዎች ተነሥተው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። አቶ አወቀ እንባቸው ሲመጣ የድንበሩን ባሕር ዛፍ እቆርጣለሁ አሉ፤ ደግሞም ቆረጡት። ሽማግሌና ፍርድ ቤት ያልቻሉትን አንድ ጆሮ ቆራጣ ውሻ ቻለው።

ማን ፈርቶሽም ታከመች። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሁለቱም ውሾች ንጹሕ ሆኑ። አቶ አወቀ ለዕርቁ በግ አረዱና መሐሪን ከቄስ መልአኩ ጎን አስቀመጡት፤ እንዲያ ያለ ቦታ ተቀምጦ አያውቅም። ወይዘሮ ይታይሽ በእጃቸው አጎረሱት። ውሾቹ ደጅ አጥንት ይሻማሉ።

«ዶክተር፣ ሳልነግርህ!» አሉ አቶ አወቀ ጠላ እየቀዱለት። «ያንን ቀዩን አገኘነው እኮ።»

«የቱን?»

«ጆሮ ቆራጣውን ነዋ! ወፍጮ ቤቱ ጋ ተንጋሎ። እኔ ብቀርበው ይሸሻል ብዬ ሰጋሁ። ይታይሽ እንጀራ ይዛ ጠራችው፤ ጭራውን እየቆላ መጣላት። የቀረውን እኔ በዱላ ጨረስሁት።»

መሐሪ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ወይዘሮ ይታይሽን አያቸው።

«ለሌሎቹ ብዬ ነው ልጄ» አሉት በለሆሳስ። «እንደኔ ሌላም ሰው እንዳይሳቀቅ። አንተ ባትነግረን ማን ያውቅልን ነበር?» እና ሌላ ጉርሻ ጠቀለሉ።

መሐሪ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተመርቆ ሄደ። እውነቱን ያን ጊዜ ቢናገር ዕርቁ እንደሚፈርስ ለራሱ ነገረው፤ ይህም እውነት ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ለራሱ የሚያስረዳበት ትምህርት አላነሰውም። ሌሊቱን ግን ራሱን ሲጸየፍ አደረ።

በቀጣዩ ገበያ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ክሊኒኩ ደረሱ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው ዜማ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። በእጃቸው ገመድ ይዘዋል። መሐሪ ወንበር አቀረበላቸው።

«ውሻ ታክማለህ ብለው አወሩልኝ» አሉ። «እኛ ዘንድ ይህ ነውር ነው መሰለኝ፣ ግን የይታይሽን ሳይ ደፈርሁ። አንድ ቀይ አለኝ። ዓይኑ ያነባል፤ ላሳይህ ብዬ ነበር፣ ሰሞኑን ከቤት ጠፋብኝ።»

መሐሪ ገመዱን አየ።

«ግራ ጆሮው ቆራጣ ነው፣ አይጠፋህም። በቡችላነቱ እኔ ነኝ የቆረጥሁት። ቁጡ ይሆናል ብለውኝ። የት ይቆጣል? የጠራውን ሁሉ እየተከተለ ይሄዳል።» ፈገግ አሉ። «ባገኘው አምጥቼው ታይልኛለህ?»

«አያለሁ አባ» አለ መሐሪ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሰውም እንዲህ የሚያዝን ሐኪም በተገኘ!» መሪጌታ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና ገመዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ይቺ እዚህ ትቆይ። አንተ መንገደኛ ነህ፣ ከኔ ቀድመህ ካገኘኸው እሰርልኝ።»

መሐሪ «እሺ» አላቸው፤ እስከ በሩም ደግፎ ሸኛቸው።